ከአካላችን የተወሰደ ቁራሽ የማን ነው?



አባቶቻችንና እናቶቻችን በንግግራቸው ርኅራኄን በአንጀት፥ ጽናትን በሐሞት አኖሩ። የተቸገረ አይቶ የሚያዝን ሰው «አንጀቱ ተላወሰ» ይባላል፤ በፈተና ቀን የሚሸሽ ደግሞ «ሐሞተ ቢስ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ግን ስለ ምሳሌው ሳይሆን ስለ ሥጋው ነው። ሊቃውንት ከሰው አንጀትና ከሐሞት ቱቦ እጅግ ጥቂት ቁራሽ ወስደው ከአካል ውጭ በሕይወት ማኖርና ማባዛት ከቻሉ ወዲህ አንድ ከባድ ጥያቄ በፊታችን ቆሟል። ከሰው ተለይቶ ሳይሞት የሚኖር ሥጋ የማን ነው? የሰጠው ሰው ነውን? ያሳደገው ሊቅ ነውን? ወይስ የማንም ያልሆነ፥ የተጣለ ነገር ነው? መልስ ከመስጠታችን በፊት ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ ልናውቅ ይገባናል፤ ባላወቁት ነገር መፍረድ ቅን ፍርድ አይደለምና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አንጀት መታደስ

የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ለስላሳና ሜዳ አይደለም። እንደ ጣት ብቅ ብቅ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ጕብታዎች አሉበት፤ በእነዚህም መካከል ጥቃቅን ጕድጓዶች ይገኛሉ። ከጕብታዎቹ የተነሣ ሽፋኑ ቢዘረጋ ወደ 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ምግብን ወደ ደም የሚያሳልፈው ይህ ሽፋን በቀንና በሌሊት ስለሚፋቅ፥ ሕዋሳቱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ብቻ ኖረው ይረግፋሉ፤ በምትካቸውም አዲሶች ከጕድጓዱ ሥር ተወልደው ወደ ላይ ይወጣሉ። እንግዲህ ዛሬ የበላነውን እንጀራ የሚቀበለው የአንጀት ሽፋን ባለፈው ሳምንት የነበረው አይደለም።

ይህ መታደስ ከወዴት ይመጣል? ባልትና የምታውቅ እናት ሊጥ ባቦካች ጊዜ ሁሉ ሙሉውን አትጋግርም፤ ለሚመጣው ቡኮ የሚሆን እርሾ ታስቀራለች። በጕድጓዱ ሥርም እንዲሁ እንደ እርሾ የሚቀሩ ሕዋሳት አሉ። ሲከፈሉ ከልጆቻቸው አንዳንዱ በቦታው ይቀራል፤ ሌላው ወደ ሥራ ይሄዳል። እነዚህን ሊቃውንት ግንደ ሕዋስ ይሏቸዋል፤ ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ እንደሚወጣ ከእነርሱ ልዩ ልዩ ሕዋሳት ይወጣሉና።

በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሻርል ለብሎን ከ1940ዎቹ ጀምሮ የአንጀት ሽፋን ዘወትር እንደሚታደስ አሳዩ፤ በ1974ም ከሔዘል ቼንግ ጋር ሆነው ከጕድጓዱ ሥር ያሉት ቀጫጭን ሕዋሳት የመታደሱ ምንጭ መሆናቸውን ጻፉ። ነገር ግን በማያጠራጥር ምልክት ለመለየት ሌላ ከ30 ዓመት በላይ አስፈለገ። በ2007 በኔዘርላንድስ፥ በዩትሬክት ከተማ፥ ሐንስ ክሌቨርስና ኒክ ባርከር ከባልደረቦቻቸው ጋር ኤል ጂ አር 5 የተባለውን ምልክት የያዙት ሕዋሳት የአንጀት ግንደ ሕዋሳት እንደ ሆኑ አስረዱ። በ2009 ደግሞ በዚያው ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ሐኪም ቶሺሮ ሳቶ ከአይጥ አንጀት የተወሰደ አንድ ግንደ ሕዋስ ብቻውን በረጋ ፈሳሽ ውስጥ ተተክሎ፥ ጕድጓድና ጕብታ ያለው ጥቃቅን የአንጀት አምሳያ እንደሚሠራ አሳዩ። ይህን አምሳያ ኦርጋኖይድ ብለው ሰየሙት። ብዙም ሳይቆይ ከሰው አንጀት በተወሰደ ቁራሽ ይኸው ሆነ።

እዚህ ላይ ልናልፈው የማይገባን አንድ ነገር አለ። ግንደ ሕዋስ ጎረቤት ከሌለው አይጸናም። በጕድጓዱ ሥር በመካከላቸው ፓኔት የተባሉ ሌሎች ሕዋሳት ተቀምጠው ለግንደ ሕዋሳቱ የሚያስፈልጋቸውን መልእክት ይሰጧቸዋል። ግንደ ሕዋሱ ከዚያ ጉርብትና ሲወጣ ግንድነቱን ይተዋል፤ ሽፋኑ በተጎዳ ጊዜም ወጥቶ የነበረ ልጅ ወደ ሥፍራው ተመልሶ ግንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአካል ውስጥ የማደስ ኃይል የሕዋሱ የብቻ ርስት ሳይሆን ከቦታውና ከጎረቤቱ ጋር የሚካፈለው ነው።

ስለ ሐሞት መንገዶች

ጉበት ሐሞትን ያመነጫል፤ ሐሞቱም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በተዘረጉ ቱቦዎች ተሰብስቦ፥ ከፊሉ በሐሞት ከረጢት ቆይቶ፥ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያም ቅባትን ለመፍጨት ይረዳል። የሐሞት ቱቦን የሚሸፍኑት ሕዋሳት እንደ አንጀት ሕዋሳት በየቀኑ አይረግፉም። ጸጥ ብለው ይኖራሉ፤ ጉዳት ሲደርስ ግን ይነቃሉ። በ2015 ሜሪትሼል ሁክና ባልደረቦቿ ከሰው ጉበት ውስጥ የሐሞት ቱቦ ሕዋሳትን ወስደው ለብዙ ወራት ማባዛት እንደሚቻል፥ እንዲህም ሲባዙ የዘር ንድፋቸው ሳይበላሽ እንደሚቆይ አሳዩ።

ይህ ሥራ ስለ ምን አስፈለገ? የሐሞት ቱቦ የተዘጋበት ሰው ሐሞቱ ወደ ጉበቱ ተመልሶ ጉበቱን ያቃጥለዋልና። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የጨቅላ ሕፃናት ሕመም ነው። ቢሊያሪ አትሬዥያ በሚባለው ሕመም የሕፃኑ የሐሞት ቱቦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠብቦ ይጠፋል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሰገራውም ይነጣል። በ1950ዎቹ ዓመታት በጃፓን ሞሪዮ ካሳይ የሕፃኑን አንጀት ወደ ላይ ስቦ ከጉበቱ ጋር በመስፋት ሐሞት እንዲወርድ የሚያደርግ ቀዶ ጥገና ጀመረ፤ ይህም ብዙ ሕፃናትን አቆይቷል። ሆኖም ከእነርሱ ብዙዎቹ ውሎ አድሮ የሌላ ሰው ጉበት ያስፈልጋቸዋል፤ በዓለም ሕፃናት ጉበት እንዲተካላቸው ከሚያደርጉት ምክንያቶችም ቀዳሚው ይህ ሕመም ነው። የሚሰጥ ጉበት ደግሞ ጥቂት ነው፤ ብዙዎች ሲጠባበቁ ይሞታሉ።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ፎቲዮስ ሳምፓዚዮቲስ፥ ሉዶቪክ ቫሊየርና ባልደረቦቻቸው በ2017 ከሰው የሐሞት ቱቦ በተገኙ ሕዋሳት የአይጦችን የሐሞት መንገድ ጠገኑ። በ2021 ደግሞ ከዚህ የበለጠ አደረጉ። ለሌላ ሰው እንዲተከሉ ተሰጥተው፥ ነገር ግን ለዚያ የማይበቁ ሆነው የተገኙ የሰው ጉበቶችን ወስደው፥ ከአካል ውጭ በማሽን ሞቅ ያለ ደም እያዘዋወሩ አኖሯቸው። ከሐሞት ከረጢት የተገኙትንም ሕዋሳት አባዝተው ወደ ጉበቶቹ ቱቦ አስገቡ። ሕዋሳቱም በተተከሉበት ቦታ ተቀምጠው የቦታውን ጠባይ ይዘው ቱቦውን ጠገኑ። ስለ አንጀትም በጃፓን ሐኪሞች በ2022 ትልቁ አንጀቱ በቆየ ቁስል ለተጎዳ አንድ ሕመምተኛ ከራሱ አንጀት ተወስዶ የበቀለውን አምሳያ መልሰው በቁስሉ ላይ ተከሉለት። ይህ መጀመሪያ ነው፤ ገና ፍጻሜ አይደለም።

ጽንስን ስለሚነካው ጥያቄ

ብዙዎች ግንደ ሕዋስ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ልባቸው የሚታወከው ከጽንስ የሚወሰድ ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው። ስለዚህ መለየት ይገባል። በ1998 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ቶምሰን የቀናት ዕድሜ ካለው የሰው ጽንስ ግንደ ሕዋስ አወጡ፤ በዚህም ጊዜ ጽንሱ ይጠፋል። በ2006 ግን በጃፓን በኪዮቶ ሺንያ ያማናካ የአደገ አይጥን የቆዳ ሕዋስ፥ በማግሥቱም ዓመት የሰውን፥ ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መመለስ እንደሚቻል አሳዩ፤ ስለዚህም በ2012 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ2011 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ጄምስ ዌልስና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ ከሁለቱም ዓይነት ሕዋሳት የአንጀት አምሳያ አበቀሉ። ከላይ የጠቀስናቸው የዩትሬክትና የካምብሪጅ ሥራዎች ግን ከተወለደና ካደገ ሰው አካል በተወሰደ ቁራሽ የተሠሩ ናቸው፤ ለእነርሱ ሲባል የጠፋ ጽንስ የለም።

የሰው ሕይወት ከመጀመሪያው ጀምሮ ክቡር ነው ብሎ የሚያምን ሰው በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ቀላል ነገር አያየውም። ብዙ ወንጌላውያን ባሉባት በጀርመን አገር ይህ ነገር በብርቱ ተከራክሯል። በ2002 የወጣው ሕግ በአገሩ ውስጥ ከጽንስ ግንደ ሕዋስ ማውጣትን እንደ ተከለከለ አቆየ፤ ሆኖም ከጥር 1 ቀን 2002 በፊት በሌላ አገር የወጡትን በልዩ ፈቃድ ማስገባት ይቻላል አለ። በ2008 ቀኑ ወደ ግንቦት 1 ቀን 2007 ተዛወረ። በዚያ ክርክር ክርስቲያኖች በሁለቱም ወገን ተገኙ። ከፊሉ፥ «ራሳችን የምንከለክለውን ሥራ ሌላው ሲሠራልን ፍሬውን መብላት ንጽሕና አይደለም» አለ። ሌላውም፥ «የሆነው ሆኗል፤ ከሆነው ነገር ለድውይ የሚጠቅም ቢገኝ መጣሉ ማንን ያድናል?» አለ። እኛ በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ወገን ቃል ይከብደናል፤ በእጃችን የማናደርገውን በሌላ እጅ አስደርጎ መጠቀም ኅሊናን ያደነዝዛልና። ከአደገ ሰው በፈቃዱ የሚወሰድ መንገድ ካለ፥ እርሱ ሊቀድም ይገባል እንላለን።

ነገር ግን ጥያቄያችን በዚህ አላበቃም። ብዙ ሰው ጽንስ አልተነካም ከተባለ የቀረው ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ያስባል። ይህ እውነት አይደለም። ከአደገ ሰው የሚወሰደውም ቢሆን የራሱ የሆነ ፈተና አለው።

የሁለት ሰዎች ታሪክ

በ1951 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሄንሪየታ ላክስ የተባሉ የአምስት ልጆች እናት በማኅፀን በር ካንሰር ታመው ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞች ከዕጢያቸው ቁራሽ ወስደው ለምርምር ሰጡ፤ እርሳቸው ግን አልተጠየቁም፤ በዚያን ዘመን መጠየቅ ልማድ አልነበረምና። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በ31 ዓመታቸው ዐረፉ። ሕዋሳቸው ግን አልሞተም። ሂላ ተብሎ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ተበተነ፤ የልጅነት ልምሻ ክትባትን ለመፈተን አገለገለ፤ ብዙ ኩባንያዎችም ነገዱበት። ቤተሰቡ ይህን የሰሙት ከ20 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው፤ ከእነርሱም የሕክምና መድን መግዛት ያልቻሉ ነበሩ። በ2013 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የእናታቸው የዘር ንድፍ ለማን እንደሚታይ በሚወስነው ጉባኤ ቤተሰቡ እንዲቀመጡ ተስማማ፤ በ2023ም ቤተሰቡ በሕዋሳቱ ከነገደ አንድ ኩባንያ ጋር በስምምነት ክርክራቸውን ጨረሱ።

ሁለተኛው ጆን ሙር የተባለ ሰው ነው። በ1976 በካሊፎርኒያ በደም ካንሰር ምክንያት ጣፊያው ወጣ። ከዚያ በኋላም ለዓመታት እየተጠራ ደምና ሌላ ናሙና ይሰጥ ነበር፤ ለሕክምናው ብቻ መስሎት። ሐኪሙ ግን ከጣፊያው የማይሞት የሕዋስ ዘር አብቅሎ በ1984 የፈጠራ መብት ተሰጥቶበት ነበር። ሰውየው ከሰሰ። በ1990 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ነገር ፈረደ። ሕዋሱ ከአካሉ ከወጣ በኋላ የሙር ንብረት አይደለም፤ ነገር ግን ሐኪሙ በዚህ ሥራ የራሱ ጥቅም እንዳለበት አስቀድሞ ለሕመምተኛው ሊነግረው ይገባው ነበር አለ።

ሁለት መልሶችና ጉድለታቸው

ከእነዚህ ታሪኮች በኋላ ሰዎች ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ሁለቱንም እንመርምር።

የመጀመሪያው፥ «ቁራሹ የሰጪው ንብረት ነው፤ እንደ በሬውና እንደ መሬቱ ሊሸጠው ይችላል» ይላል። ይህ ድኻን የሚጠብቅ ይመስላል። ነገር ግን አካል ዋጋ በወጣለት ቀን መጀመሪያ የሚሸጠው ችግረኛው እንጂ ባለጠጋው አይደለም። የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያ ያጣ አባት የማይገባውን ወረቀት ፈርሞ አካሉን ለሐኪም ቢላ ያቀርባል፤ ይህም ነጻነት ተብሎ ይጠራል። ደግሞም ሰው ለአካሉ እንደ ዕቃ ባለቤት አይደለም። እኛ አካላችንን አልሠራነውም፤ ተቀበልነው እንጂ። ከላይ እንዳየነው አንጀታችን በየሳምንቱ እኛ ሳናውቅና ሳናዝዘው ይታደሳል። ባልሠራነውና በማናዝዘው ነገር ላይ እንደ ነጋዴ ዋጋ መጥራት ልክ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ፥ «ከአካል የተቆረጠ ሥጋ ቆሻሻ ነው፤ ዋጋ የሰጠው የሊቁ ድካም ስለ ሆነ የሊቁ ነው» ይላል። በዚህም ጥቂት እውነት አለበት፤ የሊቁ ጥበብና ድካም ባይኖር ቁራሹ በአንድ ሰዓት ይሞት ነበርና። ነገር ግን እርሻውን ያረሰ ሰው ዘሩን ፈጠርሁ ሊል አይችልም። ኦርጋኖይድም ተራ ነገር አይደለም። ሰው አይደለም፤ አእምሮ የለውም፤ ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ እንደ ሰው ልናከብረው አይገባንም። ነገር ግን የሰጪው የዘር ንድፍ ሙሉ በሙሉ በውስጡ ተጽፏል። የሰጪውን ሕመም፥ የልጆቹንና የወንድሞቹን ዝንባሌ ጭምር ይናገራል። የአንድን ሰው ምስጢር የያዘ ነገር እንደ ጉድፍ አይጣልም፤ እንደ ጨርቅም አይሸጥም። ይህን ጉዳይ ያጠኑት አኔሊን ብሬደኖርድ፥ ክሌቨርስና ዩርገን ክኖብሊኽ በ2017 በጻፉት ጽሑፍ የእነዚህ አምሳያዎች ሥራ የሰጪውን ፈቃድና መብት የሚመለከቱ አዳዲስ ጥያቄዎችን እንዳስነሣ አስረድተዋል።

አደራ ነው

እንግዲህ ንብረትም ካልሆነ፥ ቆሻሻም ካልሆነ፥ ምን እንበለው? በቋንቋችን የተዘጋጀ ቃል አለን፤ እርሱም አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ነገሩን በእጁ ይይዛል፤ ይጠብቃል፤ ለተሰጠበት ነገር ያውለዋል፤ የራሱ ግን አያደርገውም። የሰጠውም ሰው ነገሩ በእጁ ባይሆንም ከነገሩ አልተለየም። በአገራችን ከባድ ከሆኑት ስድቦች አንዱ «አደራ በላ» የሚለው ስለ ሆነ የቃሉን ክብደት ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከሰው አካል የተወሰደ ቁራሽ አደራ ከሆነ፥ የተቀበለው ሰው አራት ግዴታ አለበት።

አንደኛ፥ እውነቱን አስቀድሞ መናገር። አደራ ያለ ሰጪው ዕውቀት ከተወሰደ ስሙ አደራ አይደለም፤ ስርቆት ነው። ከአንጀትህ ጥቂት እንወስዳለን ማለት ብቻ አይበቃም፤ የምንወስደው ከአንተ በኋላም ሊኖር ይችላል፥ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል፥ ነጋዴ ሊጠቀምበት ይችላል ብሎ መንገር ይገባል። ይህም በሕመምተኛው ቋንቋና ሊገባው በሚችል ቃል ይሁን። በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ያወጣው ቃል የሰውን ፈቃድ የምርምር መሠረት አድርጎታል፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚገኘው በማስተዋል እንጂ በጣት አሻራ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ለተሰጠበት ነገር ማዋል። ለጉበት ሕሙማን ይጠቅማል ተብሎ የተሰጠ ነገር ሰጪው ሊጸየፈው ለሚችል ዓላማ ቢውል አደራ ተበልቷል። በካምብሪጅ የተደረገውን እናስብ። ሐዘንተኛ ቤተሰብ የሟቹን ጉበት ለሌላው ሕይወት እንዲሆን ሰጠ፤ ጉበቱ ሳይበቃ ቀረ፤ ነገር ግን ለብዙዎች ተስፋ የሚሆን ዕውቀት ሰጠ። ይህ የሰጪውን ሐሳብ መከተል ነው።

ሦስተኛ፥ ምስጢርን መጠበቅና ሰጪውን የሚጠቅም ነገር ሲገኝ ማስታወቅ። በቁራሹ ውስጥ ለሰጪው አደገኛ የሆነ ነገር ታይቶ፥ ሊታከም የሚችልም ሆኖ ሳለ ዝም ማለት የጎረቤትን ቤት እሳት አይቶ ማለፍ ነው።

አራተኛ፥ ፍሬውን ከሰጪው ወገን አለመከልከል። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት።

የስጦታው ፍሬ

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል ከወላጆች የሚወረስ ሕመም አለ፤ ሳንባንና አንጀትን በወፍራም ንፍጥ ይሞላል። በ2013 በዩትሬክት ጄፍሪ ቤክማንና ባልደረቦቻቸው ከሕመምተኞች አንጀት ጫፍ ጥቂት ቁራሽ ወስደው አምሳያዎችን አበቀሉ። የጤነኛ ሰው አምሳያ አንድ ቅመም ሲጨመርበት ውኃ ስቦ ያብጣል፤ የሕመምተኛው ግን አያብጥም። መድኃኒት ተጨምሮ ካበጠ መድኃኒቱ ለዚያ ሕመምተኛ ሊረዳ እንደሚችል ይታወቃል። እንዲህ በመሆኑ ሕመማቸው እጅግ ብርቅ ስለ ሆነ በትልቅ ፈተና ውስጥ ሊቈጠሩ ያልቻሉ ሰዎች መድኃኒታቸውን የሚያገኙበት በር ተከፈተ። አንድ ታናሽ ቁራሽ ስለ ባለቤቷ መሰከረች ማለት ነው።

ነገር ግን የዚህ ሕመም መጀመሪያው እንዲህ ያለ መድኃኒት በ2012 በአሜሪካ ሲወጣ ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 300,000 ዶላር ነበር። መድኃኒቱ እንዲገኝ ገንዘብ ካወጡት መካከል የሕሙማኑ ወላጆችና ወዳጆች በልግስና የሚደግፉት ማኅበር ነበረ፤ ማኅበሩም በ2014 የድርሻ መብቱን በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ገንዘቡን ለተጨማሪ ምርምርና ለሕሙማን አገልግሎት እንደሚያውለው አስታወቀ። ሆኖም በድኻ አገር የተወለደ ይኸው ሕመም ያለበት ሕፃን በዚያ ዋጋ ሊደርስበት አይችልም። ሕሙማን አካላቸውንና ገንዘባቸውን ሰጥተው፥ ፍሬው ሲበስል ሌሎች ሕሙማን በበሩ ቢመለሱ ይህን ምን እንለዋለን?

እኛ ነጋዴ ትርፍ አያግኝ አንልም። መድኃኒት መሥራት ብዙ ዓመትና ብዙ ኪሳራ ያለበት ሥራ ነው፤ ሠራተኛም ደመወዙ ይገባዋል። የምንለው ይህ ነው፤ ከስጦታ የበቀለ ነገር ከግዢ እንደ በቀለ ሊቈጠር አይገባም። በነጻ የተቀበለ ሰው ዋጋ በሚጠራበት ጊዜ በነጻ መቀበሉን ያስታውስ። የአንጀት ግንደ ሕዋስ ያለ ጎረቤቱ እንደማይጸና አይተናል፤ ሊቁም ያለ ሕመምተኛው፥ ኩባንያውም ያለ ሰጪው ሊጸና አይችልም። ስለዚህ ድርሻ በውል አስቀድሞ ይወሰን፤ ለድኻ አገሮችም ዝቅ ያለ ዋጋ ይደረግ።

ለሚቃወሙን መልስ

አንዳንዱ ይህን ሰምቶ፥ «ሰጪው በየጊዜው ስጦታዬን መልሱ ካለ ሥራ ሁሉ ይቆማል፤ በሚቆመውም ሥራ የሚሞተው ሕፃን ነው» ይለናል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። መልሳችን ይህ ነው፤ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ የቀረው ቁራሽ ይወገድ፥ ከእንግዲህም አይሠራበት፤ የታወቀው ዕውቀት ግን ሊመለስ አይችልምና ይቅር። ይህንም አስቀድሞ ለሰጪው መንገር ነው። እንዲህ ከሆነ ሥራው አይቆምም፤ መተማመን ስለሚበረታም ሰጪው ይበዛል። አንድ ጊዜ የተካደ ሕዝብ ግን ለሁለተኛ ጊዜ እጁን አይዘረጋም።

ሌላውም፥ «ራሱ መናገር ስለማይችለው ሕፃን ምን ትላላችሁ?» ይላል። የሐሞት መንገዱ የተዘጋበት ጨቅላ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም፤ ወላጆቹ ስለ እርሱ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ አደራው ድርብ ነው፤ ልጁ በወላጆቹ እጅ አደራ ነው፥ ቁራሹም በሐኪሙ እጅ። ስለዚህ ለሕክምናው ከሚወጣው በቀር ለምርምር ብቻ ሲባል ሕፃኑን ለሚያሳምምና ለሚያሰጋ ነገር ማቅረብ አይገባም፤ ባደገም ጊዜ ሊነገረውና ራሱ ሊወስን ይገባል።

ስለ ሐሰተኛ ተስፋም ጥቂት ቃል እንጨምራለን። ግንደ ሕዋስ የሚለውን ስም ይዘው ማንኛውንም ሕመም እንፈውሳለን እያሉ ከሕሙማን ብዙ ገንዘብ የሚቀበሉ በብዙ አገር አሉ። ከላይ የጻፍነው የአንጀትና የሐሞት ቱቦ ጥገና ግን ገና በመፈተን ላይ ያለ ሥራ ነው። ከአይጥ እስከ ማሽን፥ ከማሽን እስከ አንድ ሕመምተኛ ለመድረስ ዓመታት አልፈዋል። ያልተፈተነውን እንደ ተፈተነ አድርጎ መሸጥ የድውዩን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የቀረችውን ጊዜ መስረቅ ነው።

ለእያንዳንዳችን

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ይህ ነገር የሩቅ አገር ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። በየትኛውም ሆስፒታል ሐኪም ከአካላችን ናሙና ሲወስድ ይኸው ጥያቄ በትንሹ ይነሣል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ለምርምር ፈቃድ የሚጠየቁበት ወረቀት በእጃቸው ሊሰጥ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሁለት ስሕተት አለ። አንዱ በፍርሃት እምቢ ማለት ነው፤ የእኛ ጥቂት ቁራሽ ለማናውቀው ሕፃን መዳኛ ልትሆን ስትችል መንፈግ ርኅራኄ አይደለም። ሁለተኛው በእፍረት መፈረም ነው፤ ሐኪሙ የተማረ ነው፥ እኔ ምን ዐውቃለሁ ብሎ ዝም ማለት ትሕትና አይደለም። «ይህን የምትወስዱት ለምንድር ነው? ከእኔ በኋላ የት ይኖራል? ማን ይጠቀምበታል? ባልፈልግስ?» ብሎ መጠየቅ ሐኪሙን መናቅ አይደለም፤ ሐኪሙ የሚረከበውን አደራ እንዲያውቀው ማድረግ ነው እንጂ።

ለተማሩት ልጆቻችንም፥ በሕክምናና በላቦራቶሪ ለምትሠሩት፥ ይህን እንላለን። በመስተዋት ሳሕን ላይ ያለው ቁራሽ ቍጥር ብቻ ተጽፎበት ትመለከቱታላችሁ፤ ስሙ ተሰውሯል፤ መሰወሩም ትክክል ነው። ነገር ግን ከቍጥሩ በስተጀርባ ታምሞ የነበረ፥ ፈርቶ የነበረ፥ አምኖም እጁን የዘረጋ ሰው እንዳለ አትርሱ። አባቶች «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይሉ ነበር። የሚያየን ሰው በሌለበት ላቦራቶሪ አደራን የሚጠብቅ ኅሊና ነው፤ ያንንም ኅሊና የሰጠን የአካላችን ፈጣሪ ነው። ለሰጪው የሚራራ አንጀት፥ ትርፍ ሲያባብለንም የማይፈስ ሐሞት እርሱ ያድለን።